ሻህሩክን ልይ ብዬ የከፈትኩት ሽልማት

ማክሰኞ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። ምሳ በልተን ወደ ቀረጻ ልንመለስ ስንል «የኔን ድርሻ ለነገ አሳልፉልኝ» አልኳቸው። የቀን ፓኬጅ ገዛሁ። የጆሮ ማዳመጫዬን ይዤ ማንም የማይገባበት ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። 71ኛው የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ከኒው ዴልሂ በቀጥታ ሊተላለፍ ነው። የህንዱ ተዋናይ ሻህሩክ ካን ሊሸለም ነው። ከ30 ዓመት በላይ ሠርቶ ይህን ሽልማት ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሥራዬ ዳቢንግ ነው። የውጭ ድራማ ላይ ያለች ሴት በአማርኛ ስታወራ ከምትሰሟቸው ድምፆች አንዱ የኔ ነው። እንባው የሷ ነው፣ ሲቃው የኔ። እዚህ ሥራ ውስጥ ያስገባኝ የህንድ ፊልም ነው።

ያደግኩት ናዝሬት ነው። አክስቴ ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበራት። የጭቃ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር መጋረጃ። በሩ ላይ በጠመኔ «ዛሬ 9 ሰዓት፣ የህንድ» ተብሎ ይጻፋል። የፊልሙ ስም አይጻፍም። «የህንድ» ከተባለ ይበቃል፣ ቤቱ ይሞላል። ሂንዲ የሚሰማ ሰው የለም። እኔ ከፊት ቆሜ እተረጉም ነበር። እኔም ሂንዲ አላውቅም። ፊታቸውን አይና ይሉታል ብዬ የማስበውን እላለሁ። አክተሩ ሲደበደብ ቤቱ ይናወጣል፣ እናትየዋ ስታለቅስ ሁሉም ዝም ይላል። ያኔ የኔ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ያን ዝምታ እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ይህን ዝግጅት የምገመግመው እንደ አንድ የፊልም ወዳጅና እንደ አንድ የድምፅ ሠራተኛ ነው። የቀን ፓኬጅ ሊገዛለት ይገባል ወይ? ብላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሴ አዎ ነው። ግን የሚጠበቀውን ነገር አትጠብቁ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው የቦሊውድ ሽልማቶች ጭፈራና ቀልድ ያለባቸው፣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቁ ናቸው። ይሄኛው የመንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ተጀመረ። ዳኞች ይመርጣሉ፣ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት በእጃቸው ይሰጣሉ። 71ኛው ቪግያን ባቫን በሚባለው አዳራሽ ነበር፣ ሰጪዋም ፕሬዚዳንት ድሮፓዲ ሙርሙ። አሸናፊዎቹ ከሐምሌ 25 ጀምሮ ተነግረዋል። ፖስታ ተቀዶ የሚወጣ ስም የለም፣ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር የለም። ስም ይጠራል፣ ስለ ሥራው ጥቂት ቃል በሂንዲና በእንግሊዝኛ ይነበባል፣ ሰውየው ይወጣል፣ ሜዳልያና የምስክር ወረቀት ይቀበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከዚያ ቀጣዩ።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንደ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነው ያየሁት። እውነቱን ልናገር፣ ሰልችቶኝ ነበር። ኔትወርኩም ሦስት ጊዜ ቆመብኝ። ሦስተኛው ላይ ልዘጋው ስል የድምፅ ዲዛይን ተጠራ።

ሁለት ሰዎች ወጡ። ሳቺን ሱድሃካራንና ሃሪሃራን ሙራሊድሃራን። ያሸለማቸው «አኒማል» ነው። ይህን ፊልም አልወደውም። ደሙ በዝቶብኝ መሃል ላይ ፊቴን ያዞርኩበት ፊልም ነው። ግን ፊቴን ሳዞር ጆሮዬ አልዞረም። ያ የመጥረቢያ ድብድብ ያለበትን ክፍል ዓይኔን ጨፍኜ ሰምቼዋለሁ። እያንዳንዱ እርምጃ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ከበስተጀርባ ዘፈን እየሄደ፣ ሰው እየጮኸ፣ ብረት ከብረት እየተጋጨ፣ አንዱ ሌላውን አይውጠውም። ይህን የሚሠራ ሰው ወራት ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ፊልሙን ባልወደውም ሰዎቹ ሲወጡ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ድምፆቹን በመጨረሻ አንድ ላይ ያዋሃደው ኤም አር ራጃክሪሽናንም ልዩ ተጠቃሽ ተብሎ ስሙ ተጠራ።

ያኔ ነው ዝግጅቱ የገባኝ። እነዚህ ሰዎች የቆሙበት ቦታ ትንሽ ቆይቶ ሻህሩክ የሚቆምበት ቦታ ነው። የሰጠቻቸው ያቺው ፕሬዚዳንት ናት። ሜዳልያውም ያው የብር ሎተስ ነው። የብር ሎተስ 2 መቶ ሺህ ሩፒ ይዞ ይመጣል፣ የወርቅ ሎተስ 3 መቶ ሺህ። የፊልሙን ሜካፕ የሠራ፣ ልብስ ያዘጋጀ፣ ፊልሙን የቆረጠ፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ በሙሉ ስሙ ይጠራል። ማስታወቂያ አይገባበትም። «ጊዜ የለንም» ተብሎ በጅምላ የሚታለፍ ዘርፍ የለም። እኔ የምሠራባቸው ድራማዎች መጨረሻ ላይ ስማችን መሮጥ ሲጀምር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የሚቀጥለው ፕሮግራም ማስታወቂያ ይገባበታል። አንድ ቀን እናቴ ስሜን ልታይ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ስትጠብቅ አይቻለሁ። ስሜ ሳይመጣ ተቆረጠ። ስለዚህ የዴልሂው ዝግጅት ለሌላው ደረቅ ቢሆን አይገርመኝም። ለኔ ግን በዓል ነበር።

የማልቀበለው አንድ ነገር አለ። ንግግር የለም። ሽልማቱን የሚቀበል ሰው ማይክ አይሰጠውም። ይህን ያህል ሰው ወጥቶ ወረደ፣ የአንዳቸውንም ድምፅ አልሰማሁም። ከሁሉም መሃል የተናገሩት የዳዳሳሄብ ፋልኬ ተሸላሚው ሞሃንላል ናቸው። የዕድሜ ልክ ሥራ የሚከበርበት ትልቁ ሽልማት ነው። ከ40 ዓመት በላይ በማላያላም፣ ማለትም በደቡብ ህንዷ የኬረላ ግዛት ቋንቋ፣ በሚሠራው ሲኒማ የሠሩ ተዋናይ ናቸው። አዳራሹ ቆሞ ተቀበላቸው። የተሸለሙት ለራሳቸው ብቻ እንዳልሆነ፣ ለመላው የማላያላም ሲኒማ እንደሆነ ሲናገሩ ድምፃቸውን ብቻ ሰምቶ ሰው ሊወዳቸው ይችላል። ዝቅ ያለ፣ ያልተቻኮለ ድምፅ ነው። ለሌሎቹም ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ቢሰጣቸው ምን ነበረበት?

ሻህሩክ ወጣ። በ«ጃዋን» ነው የተሸለመው። እኔ ብሆን በዚህ ፊልም አልሸልመውም። ሰው የሚያዝናና ጥሩ ፊልም ነው፣ ኔትፍሊክስ ላይ አለ፣ ከቤተሰብ ጋር እዩት። የሱ ትልቁ ትወና ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የሠራው «ስዋዴስ» ነው። ባቡር ጣቢያ ላይ ከአንድ ትንሽ ልጅ በሳንቲም ውሃ የሚገዛበትን ቦታ ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል። ያኔ መስጠት ነበረባቸው። የሆነ ሆኖ ሜዳልያውን አንገቱ ላይ አድርጎ ሳየው እንባዬ መጣ። ከወጣሁ በኋላ ለአክስቴ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ሻህሩክ ተሸለመ።»

«እስከዛሬ ሳይሸልሙት ነው?»

«የመንግሥቱን ነው የምልሽ።»

«እኛ መቼ ነው የሸለምነው! ናዝሬት ሁሉ መስክሮለት አልነበር?»

ምርጥ ተዋናይ የተባለው ሻህሩክ ብቻውን አይደለም። ቪክራንት ማሴ ከሱ ጋር ተካፍሎታል። ያሸለመው ፊልም «ትዌልፍዝ ፌይል» የዓመቱ ምርጥ ፊልምም ሆኗል። ትርጉሙ «12ኛ ክፍል የወደቀ» ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ቪዱ ቪኖድ ቾፕራ ነው። ከተሸለሙት ሁሉ አንድ ፊልም ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ይይ።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ማኖጅ ኩማር ሻርማ የሚባል የገጠር ልጅ ነው። በመንደሩ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ፈተና መኮራረጅ የተለመደ ነው። አስተማሪው ራሱ መልስ ያስጽፋል። አንድ ዓመት አንድ ጉቦ የማይበላ የፖሊስ አለቃ ይመጣና ኩረጃውን ያስቆማል። ተማሪው ሁሉ ይወድቃል። ማኖጅ አይቀየምም። እንደዚያ ሰውዬ መሆን እንዴት እንደሚቻል ነው የሚጠይቀው። በሚቀጥለው ዓመት ሳይኮርጅ ይፈተናል፣ በዝቅተኛ ነጥብ ያልፋል፣ ዴልሂ ይሄዳል፣ በመጨረሻም የፖሊስ መኮንን ይሆናል።

ይህን ሳይ የኛን ልጆች አሰብኩ። ፈተናው ኩረጃን ለማስቀረት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረ ጊዜ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። የአጎቴ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ነው። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ወራት ከቤት አልወጣም ነበር። ፊልሙን አብሬው አይቻለሁ። ማኖጅ ወፍጮ ቤት እየሠራ የሚያጠናበት ቦታ ላይ «መልሺው» አለኝ። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ሁሉ ነገሩ ዱቄት ነው። ወፍጮው ያንጎራጉራል። ልጁ በዚያ ጩኸት ውስጥ ደብተሩ ላይ አጎንብሷል። እኛ ቤት በስተጀርባ ወፍጮ ቤት ነበር፣ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት አለ፣ ከወደቁት አንዱ የከፈተው። ስሙ «ሪስታርት» ነው። የወደቀ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። የአጎቴ ልጅ ሁለት ጊዜ አስመልሶኝ አየው። ምንም አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ማሴ በዚህ ፊልም ድምፁን እንዴት እንደያዘው አስተውሉ። መጀመሪያ ላይ ቃሉን እየዋጠ ነው የሚያወራው። ሰው ፊት ሲቀርብ ትንፋሹ ያጥራል። ወደ መጨረሻው ቃለ መጠይቅ ሲደርስ ያው ልጅ ነው፣ ያው የገጠር አነጋገር ነው፣ ግን ትንፋሹ ሞልቷል። ይህን በአማርኛ ዳብ አድርጊ ብባል ለአንድ ወር እለማመዳለሁ።

ምርጥ ተዋናይት ራኒ ሙከርጂ ናት፣ በ«ሚስስ ቻተርጂ ቨርሰስ ኖርዌይ»። ይሄም እውነተኛ ታሪክ ነው። ኖርዌይ የሚኖሩ ህንዳውያን ባልና ሚስት ልጆቻቸው በሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይወሰዱባቸዋል፣ እናትየዋ ልጆቿን ለማስመለስ ትታገላለች። ራኒ አንዳንድ ቦታ ታበዛዋለች፣ ጩኸቱ ይጠነክራል። ግን አውሮፓ ዘመድ ያለው ሐበሻ ይህን ፊልም ሳያለቅስ አይጨርሰውም። በእጅ ማጉረስ እንደ ጥፋት የሚቆጠርበት ቦታ አለ። እኛ በፍቅር የምናደርገው ነገር ሌላ ሀገር በፋይል ሲጻፍ ማየት ያማል። ራኒ ለሽልማቱ የልጇ ስም ፊደላት ያሉበት የአንገት ሐብል አድርጋ ነበር የወጣችው።

የረዳት ተዋንያኑን ምድብ ልዘልለው ነበር፣ ኡርቫሺ ግን አላስቻለችኝም። ያሸለማት በማላያላም የተሠራው «ኡሎዙኩ» ነው፣ ዳይሬክተሩ ክሪስቶ ቶሚ። ቦታው ኬረላ ውስጥ ያለው ኩታናድ ነው፣ በየዓመቱ በጎርፍ የሚዋጥ አካባቢ። አንድ ወጣት ይሞታል፣ ቤቱም መቃብሩም ውሃ ውስጥ ናቸው። ውሃው እስኪጎድል መቅበር አይቻልም። እናትና ሚስት አንድ ጣሪያ ሥር ሬሳ ይዘው ይጠብቃሉ። ለቅሶ ቤት ሳምንት የተቀመጠ ሰው ይህን ፊልም ያውቀዋል። ወንበር ይደረደራል፣ ሰው ይመጣል፣ ሻይ ይቀዳል፣ በዚያ መሃል የተደበቀ ነገር ሁሉ ይወጣል። ሁለቱ ሴቶች እኩል ይሸከሙታል። ታዲያ ኡርቫሺ ለምን «ረዳት» ተባለች? ራሷም በይፋ ጠይቃለች፣ እኔም እጠይቃለሁ። ዕድሜዋ የገፋ ሴት ታሪኩን ተሸክማ ስትሄድ ረዳት ማለት ልማድ ሆኗል። እኛም ጋ አለ።

ያናደደኝን ልናገር። የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ለሱዲፕቶ ሴን ተሰጠ፣ በ«ዘ ኬረላ ስቶሪ»። ከኬረላ ሴቶች እምነታቸውን አስቀይረው ወደ አሸባሪዎች ወሰዷቸው የሚል ፊልም ነው። መጀመሪያ ሲተዋወቅ 32 ሺህ ሴቶች ተብሎ ነበር። ተቃውሞ ሲበዛ ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ወደ ሦስት ወረደ። ከ32 ሺህ ወደ ሦስት! በጊዜው የኬረላ ዋና ሚኒስትር ፒናራዪ ቪጃያን ሽልማቱን አውግዘዋል። እኔ የምኖረው አንድ የተሳሳተ ቁጥር ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያባላ እንደሚችል የታየበት ሀገር ነው። ስለዚህ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አልችልም። በዚያው ዝግጅት «ኡሎዙኩ»ም ተሸልሟል፣ የኬረላን ጎርፍ የሚያሳየው «2018»ም በፕሮዳክሽን ዲዛይን፣ ማለትም የፊልሙን ቦታና ዕቃ በማሰናዳት፣ ተሸልሟል። ኬረላን ማወቅ የፈለገ በነሱ ይጀምር።

አሁን ደግሞ ያስቀናኝ። ለየቋንቋው ምርጥ ፊልም ሽልማት አለ። ሂንዲ፣ ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ካንናዳ፣ ቤንጋሊ፣ ጉጅራቲ፣ ፑንጃቢ፣ አሳሚዝ... ይቀጥላል። ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ጋሮና ታይ ፋኬ የሚባሉ ቋንቋዎችም ተጠሩ። ታይ ፋኬ ተናጋሪዎቹ በጥቂት ሺዎች የሚቆጠሩ ነው። የነሱም ፊልም ሠሪ እዚያው መድረክ ላይ ቆመ። በማራቲ የተሸለመው ደግሞ «ሽያምቺ አይ» ነው፣ «የሽያም እናት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን የምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደውም ይኸው ታሪክ ነበር። አሁን በአዲስ ዳይሬክተር ተሠርቶ ከ70 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። እኛ ሀገር ከ80 በላይ ቋንቋ አለ። በሲዳምኛ፣ በአፋርኛ፣ በወላይትኛ ተሠርቶ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የገባ ፊልም ስንቶቻችን አይተናል? የኢትዮጵያን ፊልም የሚሸልመውን ጉማን ያህል ሽልማት ለዓመታት በብርቱ ሰዎች ትከሻ ቆሞ እያየን ነው። አንድ ቀን ለየቋንቋው ወንበር ቢዘረጋ ብዬ ተመኘሁ። ያኔ ድምፅ ሠሪም ያስፈልጋል፣ ተርጓሚም ያስፈልጋል።

ከሁሉም አዳራሹን ያስነሳችው ግን ትሪሻ ቶሳር ናት። «ናል 2» በተባለው የማራቲ ፊልም ከተሸለሙት ሕፃናት አንዷ። ሳሪ ለብሳ ወጣች። ሳሪው ከሷ ይረዝማል ማለት ይቻላል። ፕሬዚዳንቷ ወደሷ ጎንበስ አሉ። ሻህሩክ ቁጭ ካለበት እያጨበጨበ ሲስቅ ካሜራው ያዘው። ይህችን ደቂቃ ብቻ ፈልጋችሁ ብታዩ አትቆጩም።

ለምታዩት ሰዎች ትንሽ ምክር አለኝ። የህንድ መንግሥት ቴሌቪዥን ዱርዳርሻን ዩቲዩብ ላይ ያስተላልፈዋል፣ ክፍያ የለውም። ንግግሩ ግማሹ በሂንዲ ነው፣ ግን እንግሊዝኛው ይከተላል። በቀጥታ ካላስቸኮላችሁ ማታ ፓኬጅ ሲረክስ ተቀምጦ ማየት ይሻላል፣ የምትዘልሉትን ትዘልላላችሁ። ፊልሞቹ እ.ኤ.አ. የ2023 ናቸው፣ ሽልማቱ በሁለት ዓመት ይዘገያል። ይህ ለኛ ጥቅም አለው። ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል።

ቅዳሜ ናዝሬት እወርዳለሁ። ላፕቶፕ ውስጥ «ኡሎዙኩ» አለ። እትዬ ማላያላም አትሰማም፣ ከታች የሚጻፈውን እንግሊዝኛም ዓይኗ አይለይላትም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እተረጉምላታለሁ።